ብርሃን መሆን የቻለች፣ ስሟን ግን ማቆየት ያልቻለች ጀግና

«ካፒቴን ማርቭል» ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የምናስበው የ2019ኙን ፊልምና ተዋናይቷን ብሪ ላርሰንን ነው። እሷ የተጫወተቻት ካሮል ዳንቨርስ ግን ይህን ስም የያዘችው በ2012 ነው። ከዚያ 30 ዓመት ቀድማ በዚሁ ስም የተጠራች ሌላ ሴት ነበረች። ሞኒካ ራምቦ ትባላለች። (የስታሎኑ ራምቦ ጋር ዝምድና የላትም፣ አትሳሳቱ!)

ዛሬ ስለ እሷ እናወራለን። ኃይሏ ከማርቭል ጀግኖች ሁሉ ከሚያስፈሩት አንዱ ነው። ታዲያ ለምንድነው በየጊዜው ስሟን እየተነጠቀች የኖረችው? (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

◾ ሞኒካ ማን ናት?

ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በ1982 በወጣ የስፓይደርማን ዓመታዊ ልዩ እትም ላይ ነው። የፈጠሯት ጸሐፊው ሮጀር ስተርንና ሰዓሊው ጆን ሮሚታ ጁኒየር ናቸው። በታሪኩ ውስጥ የኒው ኦርሊንስ ልጅ ናት። አባቷ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። እሷ ደግሞ በከተማዋ የወደብ ጥበቃ ፖሊስ ውስጥ መኮንን ነበረች። አንድ አደገኛ የኃይል መሣሪያ ለማጥፋት ስትሞክር ከመሣሪያው የወጣው ኃይል በሰውነቷ ውስጥ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮዋ አልሆነችም።

ብዙም ሳይቆይ አቬንጀርስን ተቀላቀለች። በቡድኑ ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት አባል እሷ ናት። በ1987 ደግሞ የቡድኑ መሪ ሆነች። ልብ በሉ፣ ካፒቴን አሜሪካና ቶር ባሉበት ቡድን ውስጥ ነው!

◾ ቆይ፣ ኃይሏ ምንድነው?

ብዙ ሰው «ከእጇ ብርሃን ትተኩሳለች» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ከዚያ በላይ ነው። ሞኒካ ራሷ ብርሃን ትሆናለች።

በፊዚክስ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ትንሽ ክፍል ነው። የሞገድ ርዝመቱ በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው። ከዚያ ወዲህና ወዲያ የማናያቸው አሉ፤ የሬዲዮ ሞገድ፣ ማይክሮዌቭ፣ ኢንፍራሬድ፣ አልትራቫዮሌት፣ ኤክስሬይና ጋማ ጨረር። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ናቸው፤ የሚለያቸው የሞገዳቸው ርዝመትና የሚሸከሙት ኃይል ነው። ሞኒካ እንግዲህ ከእነዚህ የፈለገችውን መሆን ትችላለች። በማይታየው ሞገድ ከሆነች አጠገባችሁ ቆማ አታዩዋትም።

ፍጥነቷስ? ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህ ማለት በአንድ ሴኮንድ ምድርን ሰባት ጊዜ ተኩል ያህል መዞር ነው። ከፀሐይ ተነስታ እኛ ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ይበቃታል።

በእርግጥ በእውነተኛው ዓለም ይህ አይሆንም። ክብደት ያለው ነገር የብርሃንን ፍጥነት መድረስ አይችልም። የኮሚኩ ዘዴ ሰውነቷን መጀመሪያ ወደ ኃይል መቀየር ነው። ግን እስቲ ሒሳቡን በአንስታይን ቀመር እንሥራው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ሙሉ በሙሉ ወደ ኃይል ብትቀየር ከ1,200 ሜጋቶን በላይ ይወጣል። ሶቪየት ኅብረት በ1961 ያፈነዳችው፣ በታሪክ ትልቁ የኒውክሌር ቦምብ 50 ሜጋቶን ገደማ ነበር። በሌላ አነጋገር ሞኒካ ቢያንስ 24 እንደዚያ ዓይነት ቦምብ ናት!

◾ ታዲያ ይህን ያህል ኃይል ያላት ሴት ምን ሆነች?

በ1988 አቬንጀርስ ከአንድ ግዙፍ የባሕር አውሬ ጋር ሲዋጉ ሞኒካ በመብረቅ መልክ እያለች ውሃው ነካት። ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ እሷም በባሕሩ ላይ ተበተነች። ወደ ሰውነቷ የተመለሰችው በጭንቅ ነው፤ ከስታና ደቃ፣ ኃይሏንም አጥታ። መሪነቱም በዚያው አበቃ።

ይህ እንግዲህ በገጹ ላይ ያለው ታሪክ ነው። ከገጹ ጀርባ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ፈጣሪዋ ሮጀር ስተርን በኋላ እንደተናገረው፣ የአርትዖት ክፍሉ መሪነቱ ወደ ካፒቴን አሜሪካ እንዲመለስ ፈልጎ ነበር። እሷም ለመሪነት የማትበቃ ተደርጋ እንድትጻፍ ተጠየቀ። ስተርን ይህ በዘርም በጾታም መጥፎ መልእክት ያስተላልፋል ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ መጽሔቱን መጻፍ ያቆመው እሱ ሆነ። ሞኒካም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው።

◾ የስሙ ጉዳይ

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። «ካፒቴን ማርቭል» የሚለው ስም ከመነሻው የማርቭል አልነበረም። በ1940 ፋውሴት የሚባል አሳታሚ በዚህ ስም አንድ ጀግና አወጣ፤ ሽያጩ ሱፐርማንን ያስንቅ ነበር። የሱፐርማን ባለቤቶች «ከእኛ ቀድታችኋል» ብለው ከሰሱ። ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶ በ1953 ፋውሴት ገንዘብ ከፍሎ ጀግናውን ማተም አቆመ።

ስሙ ባዶ ሜዳ ላይ ቀረ። ማርቭል በ1967 የራሱን ካፒቴን ማርቭል ፈጥሮ ስሙን ያዘ። የድሮው ጀግና በኋላ በዲሲ በኩል ሲመለስ በመጽሔቱ ሽፋን ላይ በስሙ መጠራት አልቻለም፤ ዛሬ «ሻዛም» የምንለው እሱ ነው። በ2019 ካፒቴን ማርቭልና ሻዛም በአንድ ወር ልዩነት ሲኒማ የገቡት ያንን ሁሉ ታሪክ ተሸክመው ነው።

በአሜሪካ ሕግ የንግድ ምልክት ካልተጠቀሙበት ይሞታል። ዛሬ ባለው ሕግ ለሦስት ተከታታይ ዓመት ሥራ ላይ ያልዋለ ምልክት እንደተተወ ይገመታል። ስለዚህ ማርቭል «ካፒቴን ማርቭል» የሚባል ሰው ሁልጊዜ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ጀግናው በ1982 በካንሰር ሞተ ተብሎ ተጻፈ፤ ሞኒካ በዚያው ዓመት በስሙ ብቅ አለች። በ1989ና በ1994 «ካፒቴን ማርቭል» የሚል ርዕስ ያላቸው ነጠላ እትሞች ወጡላት። የራሷ ቋሚ መጽሔት ግን አልተሰጣትም። በእኛ እይታ ብዙውን ጊዜ ቤት ጠባቂ ነበረች፤ ባለቤቱ ሲመጣ ቁልፉን የምታስረክብ።

አስረከበችም። በ1996 የሟቹ ጀግና ልጅ መጥቶ ስሙን ወሰደ። እሷ «ፎቶን» ተባለች፤ የብርሃን ቅንጣት ማለት ነው። በ2005 ያው ልጅ «ፎቶን»ንም ወሰደባት! «ፑልሳር» ሆነች። በ2013 ደግሞ «ስፔክትረም»። ካሮል ዳንቨርስ በ2012 ካፒቴን ማርቭል ስትሆን ሞኒካ በመጽሔቱ ላይ ሳትነግሪኝ ወሰድሽው ብላ ትወቅሳታለች። ጸሐፊዎቹም ነገሩ እንደሚታይባቸው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

◾ በፊልሙስ?

በ2019ኙ ፊልም ሞኒካ ሕፃን ልጅ ናት፤ እናቷ ማሪያ ደግሞ ልብስ ሰፊ ሳትሆን አብራሪ ናት። ትልቋን ሞኒካ ቴዮና ፓሪስ በ2021 በ«ዋንዳቪዥን» ተጫወተቻት። በ2023 ኒያ ዳኮስታ ያዘጋጀችው «ዘ ማርቭልስ» ላይ ካማላ የምትባለው ታዳጊ በየመሀሉ የጀግና ስም ልታወጣላት ትሞክራለች። ተመልካቹ ይስቃል። የኮሚኩን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግን ሳቁ ትንሽ ይመረዋል። ፊልሙም በዓለም ዙሪያ 206 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ አስገብቶ ከማርቭል ስቱዲዮስ ፊልሞች ዝቅተኛው ሆነ።

አንድ ደስ የሚል ነገር ግን አለ። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በኢቭ ኢዊንግ የተጻፈ አምስት ክፍል ያለው ኮሚክ ወጣላት። ርዕሱ «ሞኒካ ራምቦ፦ ፎቶን» ይላል። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሽፋኑ ላይ በትልቁ ተጻፈ። ይህንን ስም ደግሞ ሌላ ጀግና መጥቶ የሚወስደው አይደለም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ሞኒካ ምድርን በሴኮንድ ሰባት ጊዜ መዞር ትችላለች፤ የራሷን ስም ሽፋን ላይ ለማየት ግን 40 ዓመት ፈጅቶባታል።

እናንተስ፣ እሷን ብትሆኑ ስሙን ታስረክቡ ነበር? ሐሳባችሁን ጻፉልን።