ድኩላው፣ አጥሩና የስበት ሕግ

በሀዲያ ዞን በሀቢቾና በአካባቢዋ አርሶ አደሩ ከእንሰቱ ጎን ጎመኑንና ባቄላውን በጓሮው ያለማል። ቀን የለፋበትን ቡቃያ ሌሊት ድኩላ ወይም ሚዳቋ ሲግጥበት ግን የጥበቃው ሸክም በልጆች ትከሻ ላይ ይወድቃል። ማሳ ሲጠብቅ ያደረ ተማሪ ጠዋት በክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ ሊደንቀን አይገባም። እንግዲህ የአጥር ጉዳይ የትምህርትም ጉዳይ ነው።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ አትክልተኞችን የሚያማርሩት ቀንዳቸውን በየዓመቱ የሚጥሉ እንስሳት ናቸው። እነዚህ በአገራችን የሉም፤ የእኛው ድኩላም ሆነ በተለምዶ አጋዘን የምንለው እንስሳ ቀንዱን አይጥልም። ወገናቸው ቢለያይም ሁሉም የሚዘሉት በአንድ የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ብዙዎቻችን አጥር ሲዘለል መፍትሔው ማስረዘም ይመስለናል። እስቲ እናስላ። እንስሳው የሰውነቱን ማዕከል 1 ሜትር ከፍ ለማድረግ ወደ ላይ በሰከንድ 4.4 ሜትር ፍጥነት መነሣት አለበት። ለ2 ሜትር የሚያስፈልገው 6.3 ሜትር በሰከንድ ነው። በስሌቱ ውስጥ መጠነ ቁስ ስለሚጣፋ ትልቁም ትንሹም እንስሳ የሚጠየቀው ፍጥነት አንድ ነው። ይሁን እንጂ እንጨቱም ሽቦውም ውድ በመሆኑ አጥርን እጥፍ ማስረዘም ለብዙ ቤተሰብ አይቻልም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሁለት አጫጭር አጥሮችን በ1.5 ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ማቆም ነው። እንስሳው ሁለቱን በአንድ ዝላይ ለማለፍ ከአጥሮቹ ጫፍ በላይ ቆይቶ 1.5 ሜትር ወደ ፊት መጓዝ ይኖርበታል። የፊት ፍጥነቱ በሰከንድ 1.5 ሜትር ቢሆን በአየር ላይ ከዚያ ከፍታ በላይ 1 ሙሉ ሰከንድ መቆየት አለበት። በግማሹ ሰከንድ ወጥቶ በግማሹ ይወርዳልና ተጨማሪ 1.2 ሜትር ያህል ከፍታ ይጠየቃል። ስለዚህ አንዱን አጥር ለማለፍ 1 ሜትር ይበቃው የነበረው፣ ለሁለቱ 2.2 ሜትር መነሣት ግድ ይሆንበታል።

ስሌቱ አንድ ማስጠንቀቂያም ይሰጠናል። እንስሳው ሮጦ መጥቶ የፊት ፍጥነቱን ወደ 3 ሜትር ካሳደገ ተጨማሪው ከፍታ ወደ 0.3 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ከውጭ በኩል ለመንደርደሪያ የሚሆን ገላጣ ስፍራ መተው አይገባም፤ እሾሃማ ቁጥቋጦ መትከል ይበጃል። በአጥሮቹ መካከል ቢያርፍም ለሁለተኛው ዝላይ መንደርደሪያ ያጣል። ሚዳቋ ከመዝለል ይልቅ ሾልኮ መግባት ስለሚቀናው የአጥሩ ሥር በደንብ መዘጋት አለበት።

የጨርቅ ማስፈራሪያ ለጥቂት ቀናት ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን የማይንቀሳቀስና የማይጎዳ መሆኑን እንስሳት ቶሎ ይለምዱታል። ወጥመድ ደግሞ ድኩላውን ከቤት ውሻ አይለይም።

ውድ ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜያችሁ የቤታችሁን አጥር ቁመትና ከፊቱ ያለውን ገላጣ ስፍራ ለኩ፤ ስሌቱንም ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያዩበት። በክፍል የተማርነው የዝላይ ቀመር አንድን ሕፃን ከሌሊት ጥበቃ ነፃ ካወጣው ከፈተና ወረቀት የላቀ ዋጋ አግኝቷል ማለት ነው።