ለከተማው የተሟገቱት ሊቅ ቤት

ነባሩን የቻይና ቤት ለማወቅ የሚሻ ሰው የነገሥታቱን ግቢ ትቶ፣ ኹቶንግ ወደሚባሉት የቤይጂንግ ጠባብ መንገዶች ይግባ። ኹቶንጎች የተጀመሩት በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በሞንጎሎች ዘመን ነው። በግራና በቀኝ የሚታየው ግራጫ የጡብ ግድግዳ ብቻ ነው፤ በሩን አልፎ የገባ ግን፣ አራት ቤቶች ፊታቸውን ወደ አንድ ግቢ አዙረው ያገኛል። ፀሐይ ፊት ለፊት የሚያገኘው የሰሜኑ ቤት የአባትና የእናት ነው፤ የምሥራቁና የምዕራቡ የልጆች ነው። እንግዲህ ቤቱ ራሱ የቤተ ሰቡን ሥርዓት ይናገራል።

ይህን ሁሉ ጠንቅቀው ያጠኑት የሕንጻ ጥበብ ሊቅ ሊያንግ ሲቼንግ፣ በ1950 (አቆጣጠሩ እንደ አውሮፓ ነው) ከባልደረባቸው ከቼን ጃንሺያንግ ጋር ሆነው አንድ አሳብ አቀረቡ። ይኸውም የመንግሥቱ አዲስ መሥሪያ ቤቶች ከአሮጌው ከተማ በስተምዕራብ ይሠሩ፣ አሮጌው ሳይነካ ይቆይ የሚል ነበር። አሳባቸው ተቀባይነት አላገኘም። የከተማው ቅጥር ፈረሰ፤ በመሠረቱም ላይ የምድር ውስጥ ባቡር ተዘረጋ። ከ1990 ወዲህ ደግሞ የሕንጻ ንግድ ሲስፋፋ፣ «ይፍረስ» የሚለው የቻይና ፊደል በየግድግዳው ይጻፍ ጀመር።

የሚያሳዝነው፣ ሊያንግና እንደ እርሳቸው ሊቅ የነበሩት ባለቤታቸው ሊን ኽዊዪን በ1930ዎቹ የኖሩበት ቤት ራሱ በ2012 መፍረሱ ነው። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ነበር። አፍራሾቹ «ለጥገና ነው ያፈረስነው» አሉ። በኋላ የ500,000 ዩዋን መቀጫ ተወሰነባቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ፍርዳችን እንዳያደላ የነዋሪውንም ቃል እንስማ። ከ1949 በኋላ ለአንድ ቤተ ሰብ የተሠራው ግቢ ለብዙ አባወራ ተከፋፈለ፤ በየማዕዘኑ ጎጆ ተቀጠለበት። በክረምት ሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ መንገድ ላይ ወዳለው የሕዝብ መጸዳጃ መሄድ ግድ ሆነ። «ቅርስ ነውና አትንኩት» ማለት የሚቀለው፣ መጸዳጃው ከመኝታው አጠገብ ለሆነ ሰው ነው።

ታዲያ መካከለኛ መንገድ የለምን? የሊያንግ ባልደረባ የነበሩት ው ሊያንግዮንግ፣ በ1990 ገደማ ጁኧር በተባለ ኹቶንግ ውስጥ የወላለቁትን ቤቶች አንሥተው፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ አዳዲስ ቤቶች በግቢ ዙሪያ ሠሩ። ዛፎቹን አተረፉ፤ ለየቤተ ሰቡም የራሱን ወጥ ቤትና መጸዳጃ ሰጡ። ሥራቸው በዓለም ተመሰገነ። ይሁን እንጂ ከቀድሞዎቹ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ወደዚያ አልተመለሱም። ግቢው ተረፈ፤ ጉርብትናው ግን ተበተነ።

ትምህርቱም እዚህ ላይ ነው። ቤትን ከነሰዉ ያላዳነ፣ ያዳነው ግድግዳ ብቻ ነው። ነገ በፕላን ላይ የሚፈርም ወጣት፣ ምን እንደሚፈርስ ከመጠየቁ አስቀድሞ በውስጡ ማን እንደሚኖር ይጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል፤ መቀጫ የፈረሰ ግቢ አይመልስምና።