ምርጫ ሲቃረብ ፋይል ይዘጋል?

አሜሪካ ውስጥ የምርጫ ሰሞን በመጣ ቁጥር "የ60 ቀን ሕግ" የሚባል ነገር አብሮ ይነሣል። ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው የፌዴራል መርማሪና ዐቃቤ ሕግ እጃቸውን ይሰበስባሉ፣ ፖለቲከኛም አይነካም ይባላል። ጠበቆች ችሎት ላይ ይጠቅሱታል፣ የቴሌቪዥን ተንታኞችም አንቀጽ ያለው ይመስል ይከራከሩበታል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሆኖ ድምፅ የሚሰጠው ወገናችንም ይህንኑ እየሰማ ነው ወደ ድምፅ መስጫው የሚሄደው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ ሕጉ 60 ቀን ይላል

እንዲህ የሚል ሕግ የለም። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተር የነበሩት ማይክል ሆሮዊትዝ በጁን 2018 ባወጡት ሪፖርት፣ ይህ "ሕግ" በየትኛውም የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ወይም ደንብ ተጽፎ እንደማይገኝ ገልጸዋል። ያለው የቆየ ልማድ ነው። ከልማዱ ጎን ደግሞ በምርጫ ዓመት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለሠራተኞቻቸው የሚበትኑት ሰርኩላር አለ፤ ማይክል ሙኬዚ በ2008፣ ኤሪክ ሆልደር በ2012፣ ሎሬታ ሊንች በ2016 በትነውታል። ሰርኩላሩ ቀን አይቆጥርም። የሚከለክለው በምርጫ ላይ ተጽዕኖ ለማሳደር፣ ወይም አንዱን ዕጩ ለመጥቀምና ሌላውን ለመጉዳት ሲባል የምርመራን ወይም የክስን ጊዜ መምረጥን ነው። አርቃቂዎቹ የ60 ቀኑን ነገር በጽሑፍ ለማስፈር አስበው እንደነበርና የማይሠራ ሆኖ ስላገኙት እንደተዉት ሪፖርቱ ይናገራል።

ለምን እንደማይሠራ ለመረዳት የአሜሪካን የምርጫ ብዛት ማሰብ ይበቃል። የተወካዮች ምክር ቤት በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል፤ ከዚያ በፊት የፓርቲ ውስጥ ምርጫ አለ፤ የከተማና የክፍለ ግዛት ምርጫም በየመሀሉ ይገባል። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ወር ቢታገድ ብልጥ ተጠርጣሪ ዘላለም ዕጩ ሆኖ ይኖራል። ደግሞም ለክስ የደረሰን ፋይል "ሰውየው ይመረጥና እናያለን" ብሎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ራሱ አንዱን ዕጩ መጥቀም ነው፤ ሰርኩላሩ የሚከለክለው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ልማዱም ቢሆን ሰው እንደሚያስበው ሰፊ አይደለም። የያኔው የኒውዮርክ ከንቲባ ኤሪክ አዳምስ የተከሰሱበት ጉዳይ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 ይፋ ሲሆን ፕሬዚዳንታዊው ምርጫ 40 ቀን ገደማ ነበር የቀረው፤ የእሳቸው ስም ግን በዚያ ምርጫ ወረቀት ላይ አልነበረም። በዚያው ዓመት ዳኛ ታንያ ቸትካን በዶናልድ ትራምፕ ላይ የቀረበውን 165 ገጽ የዐቃቤ ሕግ ማመልከቻ በኦክቶበር መጀመሪያ ለሕዝብ ክፍት አደረጉ። የመሥሪያ ቤት ልማድ የሚይዘው ዐቃቤ ሕግን እንጂ ዳኛን አይደለም።

ተረት፦ ሁሉን ለሕዝብ የነገረ መርማሪ ገለልተኛ ነው

የ2016ቱ ታሪክ ለዚህ ከሁሉ የከፋው ምሳሌ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

የዚያ ዓመት የፕሬዚዳንት ዕጩ ሂላሪ ክሊንተን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ ለመንግሥት ሥራ የግል የኢሜይል ሰርቨር ተጠቅመዋል ተብሎ የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ኤፍ ቢ አይ ፋይል ከፈተ። ምርመራው ሊያልቅ ሲል፣ በጁን 2016 መጨረሻ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሎሬታ ሊንች ከሂላሪ ባለቤት ከቢል ክሊንተን ጋር ፊኒክስ አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን ውስጥ ተገናኙ። ስለ ልጅ ልጅና ስለ ጉዞ ብቻ ነው ያወራነው ቢሉም የሚያምን ጠፋ። የኤፍ ቢ አይ ዳይሬክተሩ ጄምስ ኮሚ መሥሪያ ቤታቸው ነፃ መሆኑን ሊያሳዩ ቆርጠው ነበር። ጁላይ 5 ቀን ምን እንደሚሉ ለአለቆቻቸው ሳያሳውቁ ብቻቸውን ካሜራ ፊት ቆሙና፣ ለክስ የሚያበቃ ነገር የለም፣ ነገር ግን የሂላሪ ክሊንተን የኢሜይል አያያዝ እጅግ ግድየለሽነት የታየበት ነው አሉ። በወጉ ቢሆን፣ ክስ የማይመሠረትበት ሰው ፋይል ያለ ስብከት ነው የሚዘጋው። ካልተከሰሰ ስሙን የሚያጠራበት ችሎት የለውምና።

በሴፕቴምበር መጨረሻ የኒውዮርክ መርማሪዎች በሌላ ጉዳይ የያዙትን የቀድሞ የምክር ቤት አባል አንቶኒ ዊነርን ላፕቶፕ ሲከፍቱ የባለቤቱን የሁማ አበዲንን ኢሜይሎች አገኙ። አበዲን የሂላሪ ክሊንተን የቅርብ ረዳት ነበረች። ዋናው መሥሪያ ቤት ወዲያው ተነገረው፤ ነገሩ ግን አንድ ወር ያህል ተኛ። ኦክቶበር 28 ቀን፣ ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው፣ ኮሚ ለኮንግረስ ደብዳቤ ጻፉ፤ ደብዳቤውም በደቂቃዎች ውስጥ አደባባይ ወጣ። ሊንችና ምክትላቸው ሳሊ የትስ አልተስማሙም፤ ግን "አትጻፍ" ብለው አላዘዙም። ሰዎቹ እርስ በርስ በቀጥታ እንኳ አልተነጋገሩም፤ መልእክት የተመላለሰው በረዳቶቻቸው በኩል ነው። የፍርድ ቤት የብርበራ ትዕዛዝ የተገኘው ደብዳቤው ከወጣ ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ማለትም ደብዳቤው ሲጻፍ ኢሜይሎቹ ውስጥ ምን እንዳለ ገና አልታወቀም ነበር። ኖቬምበር 6 ቀን፣ ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የጁላዩ ድምዳሜ አልተለወጠም የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ።

በዚያው ጊዜ ኤፍ ቢ አይ ሌላ ፋይልም ይዞ ነበር። የትራምፕ ቅስቀሳ ሰዎች ከሩሲያ ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚመለከት ሲሆን የተከፈተው ጁላይ 31 ቀን 2016 ነው። ኮሚ ይህን ፋይል በይፋ ያረጋገጡት ማርች 20 ቀን 2017፣ ምርጫው ካለፈ ከአራት ወር በኋላ ነው። የአንዱ ዕጩ ፋይል በአደባባይ ሲነበብ የሌላው በመሳቢያ ተቆለፈ። በእኔ ዳኝነት በወጉ የተያዘው ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያውም እንደዚያው መያዝ ነበረበት።

ታዲያ ኮሚ ለትራምፕ አድልተው ነው? ሆሮዊትዝ የኮሚ ውሳኔዎች ከፖለቲካ ወገንተኝነት የመጡ ሆነው አላገኟቸውም፤ የመሥሪያ ቤቱን ወግና የአለቆቻቸውን ሥልጣን መጣሳቸውን ግን ጽፈዋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ጉዳቱን ያመጣው "አድልተዋል እንዳልባል" የሚለው ጭንቀት ነው። ሐሜትን ፈርተው ከወግ ወጡ፤ ከወግ መውጣታቸውም ሐሜቱን እጥፍ አደረገው።

ተረት፦ መርማሪው ፓርቲ ካለው ምርመራው ሐሰት ነው

ይህኛው አጭር ነው። የ1939ኙ የሃች ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ በሥልጣኑ ተጠቅሞ በምርጫ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል፤ የኤፍ ቢ አይ ሠራተኞች ደግሞ ጠበቅ ካለው ክፍል ስለሚመደቡ ለፓርቲ ቅስቀሳ መሥራት አይችሉም። ድምፅ መስጠትና ሐሳብ መያዝ ግን ይችላሉ። ችግሩ የሚመጣው ሐሳቡ ከሥራው ጋር ሲነካካ ነው። ሁለቱንም ፋይሎች ይመሩ የነበሩት ፒተር ስትሮክ ትራምፕን የሚያንቋሽሽ የስልክ መልእክት ለባልደረባቸው ይልኩ ነበር። ሆሮዊትዝ ክሊንተን ያለመከሰሳቸው በወገንተኝነት የተወሰነ ሆኖ አላገኙትም፤ ነገር ግን ስትሮክ ከዊነር ላፕቶፕ ይልቅ የሩሲያውን ጉዳይ ማስቀደማቸው ከአድልዎ የጸዳ ነበር ለማለት እርግጠኛ መሆን አልቻሉም። አንዱን ዐረፍተ ነገር ብቻ እየመዘዙ የሚጠቅሱ ሰዎች በሁለቱም ወገን አሉ።

ተረት፦ ምርጫ ደርሶ የመጣ ክስ የተቀናቃኝ ፓርቲ ሥራ ነው

የአላስካው ሴናተር ቴድ ስቲቨንስ ሪፐብሊካን ነበሩ። በጁላይ 2008 የከሰሳቸው የጆርጅ ቡሽ፣ ማለትም የራሳቸው ፓርቲ፣ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ነው። ከምርጫው በፊት ስሜን ላጥራ ብለው ችሎቱ እንዲፋጠን የጠየቁትም ራሳቸው ናቸው። ኦክቶበር 27 ቀን፣ ምርጫው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ጥፋተኛ ተባሉ፤ ወንበራቸውንም ከ4,000 ባነሰ ድምፅ ልዩነት አጡ። በኋላ ዐቃቤ ሕጎቹ ለተከሳሹ የሚጠቅም ማስረጃ ደብቀው መገኘታቸው ታወቀ። በአፕሪል 2009 ክሱ ውድቅ እንዲሆን የጠየቁት የዴሞክራቶቹ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኤሪክ ሆልደር ናቸው። ፍርዱ ተሰረዘ፤ ወንበሩ ግን አልተመለሰም። ስቲቨንስን የጎዳቸው የቀን መቁጠሪያው ሳይሆን የተደበቀው ማስረጃ ነው፤ የትኛውም የ60 ቀን ክልከላ ደግሞ ማስረጃ መደበቅን አያስቀርም።

ተረት፦ ዝምታ ለማንም አያደላም

በ2020 በደላዌር ያሉ ዐቃቤ ሕጎች የጆ ባይደንን ልጅ የሀንተር ባይደንን የግብር ጉዳይ እየመረመሩ፣ ምርጫው እስኪያልፍ ሰው የሚያየው እርምጃ ከመውሰድ ተቆጠቡ። ሀንተር ራሱ ምርመራ እንዳለበት የተናገረው ዲሴምበር 9 ቀን፣ ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ ነው። ትራምፕም ዝም አላችሁ ብለው በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጋቸው በዊልያም ባር ላይ ተቆጡ። ዐቃቤ ሕጎቹ ልክ ነበሩ እላለሁ፤ ያልተከሰሰን ሰው ምርመራ ማወጅ አይገባም። ይሁን እንጂ ዝምታውም የጠቀመው ወገን እንደነበር መካድ አይቻልም።

ባር በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ አዲስ ትእዛዝ አውጥተው ነበር፤ በፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ላይ ምርመራ ለመክፈት የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል። ተተኪያቸው ሜሪክ ጋርላንድም በ2022 ትእዛዙን አጸኑት። በዚህ መንገድ አንድ ዳይሬክተር ወይም አንድ የቢሮ ኃላፊ በራሱ ተነሥቶ 2016ን እንዳይደግም በሩ ጠበበ። የበሩን ቁልፍ የያዘውን ሰው የሚሾመውና የሚሽረው ግን ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ፕሬዚዳንቱም አንዳንዴ ራሱ ዕጩ ነው።