የእንፋሎት ቁጠባ ኤሌክትሪክ ሲቀንስ፦ በስኳር ፋብሪካዎች የሙቀትና የኤሌክትሪክ ጥምር ማመንጨት

እንደ መተሐራና ፊንጫ ያሉ የስኳር ፋብሪካዎች ዋና ነዳጃቸውን የሚያገኙት ከራሳቸው ተረፈ ምርት ነው። አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ባጋስ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ቢሆንም በቦይለር ተቃጥሎ እንፋሎት ያመነጫል። እንፋሎቱ በቅድሚያ ተርባይን አዙሮ ኤሌክትሪክ ያስገኛል፤ ግፊቱ ከወረደ በኋላ ደግሞ የአገዳውን ጭማቂ ለማሞቅና ለማትነን ይውላል።

ቀደም ባሉት ዘመናት የስኳር ፋብሪካዎች ሲነደፉ ዓላማው ባጋስን መቆጠብ ሳይሆን እንዳይከማች ማቃጠል ነበር። ትርፍ ኤሌክትሪክ የሚሸጥበት መንገድ ባልነበረበት ሁኔታ ዝቅተኛ ብቃት እንደ ጉድለት አይቆጠርም ነበር። ትርፉን ለብሔራዊ የኤሌክትሪክ ቋት ማቅረብ ሲቻል ግን ስሌቱ ይለወጣል።

የመጀመሪያው የማሻሻያ መንገድ የእንፋሎቱን ግፊትና ሙቀት ማሳደግ ነው። ተርባይኑ ኪሳራ የለበትም ቢባል፣ በ20 ባርና በ350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገብቶ በ2.5 ባር የሚወጣ 1 ኪሎ ግራም እንፋሎት 460 ኪሎጁል ያህል ሥራ ይሰጣል። መነሻው 65 ባርና 500 ዲግሪ ሲሆን ሥራው ወደ 785 ኪሎጁል ያድጋል። ወደ ቦይለሩ የሚገባው ውኃ ሙቀት እኩል ከሆነ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሙቀት 280 ኪሎጁል ገደማ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በማምረቻው ውስጥ እንፋሎት መቆጠብ ሲሆን፣ ጥንቃቄ የሚሻውም ይኸው ነው። ከተርባይኑ የሚወጣው እንፋሎት በሙሉ ወደ ማምረቻው በሚሄድበት አሠራር፣ የኤሌክትሪኩን መጠን የሚወስነው የማምረቻው የሙቀት ፍላጎት ነው። ለ1 ቶን አገዳ የሚውለው እንፋሎት ከ500 ወደ 400 ኪሎ ግራም ቢቀነስ፣ በተርባይኑ የሚያልፈው እንፋሎትም በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል፤ ኤሌክትሪኩም በዚያው መጠን ገደማ ይወርዳል። ቁጠባው ወደ ትርፍ የሚለወጠው የተረፈው ባጋስ ለሌላ ጊዜ ሲቀመጥ፣ ወይም የተረፈው እንፋሎት ኮንደንሰር ባለው ተርባይን እስከ ዝቅተኛ ግፊት ሲሠራ ነው።

ይሁን እንጂ ኮንደንሰሩ ሙቀትን ከማቀዝቀዣው ውኃ ጋር ስለሚያስወጣ፣ ኤሌክትሪኩ ሲጨምር አጠቃላይ የነዳጅ አጠቃቀም ብቃት ሊቀንስ ይችላል። ስለሆነም አንድን ፋብሪካ በአንድ የብቃት አኃዝ ብቻ መመዘን ያሳስታል። ከ1 ቶን አገዳ የተገኘው ኤሌክትሪክና ለዚያው አገዳ የዋለው እንፋሎት ጎን ለጎን ሊቀርቡ፣ የተርባይን ምርጫና የእንፋሎት ቁጠባም በአንድ ዕቅድ ሊታዩ ይገባል።