ከጀሪካን ሥር ያለችው የሸርጣን ዘመድ



በዋራበሌ የውኃ ጀሪካን የተቀመጠበትን ጣውላ ወይም እርጥብ ጆንያ ስታነሡ፣ አመድማ መልክ ያላት፣ ጀርባዋ በተደራረበ ቅርፊት የተሸፈነ አንዲት ትንሽ ፍጥረት ስትሮጥ ታዩ ይሆናል። ቁመቷ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። «የጊንጥ ልጅ ናት» የሚሏት አሉ፤ ልጆች በጫማ ይጨፈልቋታል፣ እናቶች ላምባ ያፈሱባታል።

እስቲ እግሯን ቁጠሩ። ጉንዳን 6፣ ጊንጥ 8 እግር አለው። እርሷ ግን በግራ 7፣ በቀኝ 7፣ በድምሩ 14 አላት። መቆንጠጫም፣ ወደ ላይ የተቀለበሰ ጅራትም የላትም። የቅርብ ወገኖቿ በባሕር ዳር የምታዩት ሸርጣንና ሽሪምፕ ናቸው። ጥንት አያቶቿ ከባሕር ወጥተው በየብስ ቀሩ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ከ3,500 በላይ የየብስ ዝርያዎች ይታወቃሉ።

ከባሕር ትውጣ እንጂ የባሕር አመሏን አልተወችም። የምትተነፍሰው ከሆዷ ሥር ባሉ፣ የዓሣ ስንጥብን በሚመስሉ ስስ አካሎች ነው፤ እነርሱም እርጥብ መሆን አለባቸው። ቅርፊቷ እንደ ጥንዚዛ ቅርፊት ውኃ አይቋጥርም። ስለዚህ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍና ካምሲን ሲነፍስ፣ ጥላና እርጥበት ያጣች እንደሆነ ደርቃ ትሞታለች። ቀን ተደብቃ ሌሊት የምትወጣው፣ ብዙ ሆነውም ተጠጋግተው የሚተኙት ለዚሁ ነው። እርሷ የበዛችበት ቦታ ውኃ አለ ማለት ነውና፣ እናቶች ሆይ፣ ላምባውን ከማንሣታችሁ በፊት ጀሪካኑ እንዳይሆን የሚያፈስሰው እዩ።

ምግቧ የረገፈ ቅጠል፣ የበሰበሰ እንጨትና ሻጋታ ነው። የገዛ ኩሷንም ትበላለች። አትሳቁ! በደሟ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ከመዳብ ጋር የተያያዘ ነገር ስለሆነ፣ ያመለጣትን መዳብ መልሳ የምታገኘው በዚህ ነው።

እናትየዋ እንቁላሏን መሬት ላይ አትጥልም፤ ከሆዷ ሥር ባለ ፈሳሽ በያዘ ከረጢት ትሸከመዋለች። ልጆቹ ሲወጡ 12 እግር ብቻ አላቸው፤ የቀረው በኋላ ይበቅላል።

ከሁሉ የሚያስደንቁኝ ግን በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ በረሃ የሚኖሩት፣ ሄሚሌፒስተስ የሚባሉት ወገኖቿ ናቸው። ባልና ሚስት ሆነው ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ልጆቻቸውን እዚያ ያሳድጋሉ። አንዱ ምግብ ፍለጋ ሲሄድ ሌላው በር ይጠብቃል። ተመላሹ የሚገባው በቤተሰቡ ጠረን ታውቆ ነው፤ ባዕድ ከሆነ ከደጅ ይመለሳል።

የእኛዪቱ መርዝ የላትም፣ ሰው አትነድፍም። ጊንጥ ግን ያንኑ ጣውላ ሥር ይወዳል፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው። ድንጋይ ወይም ጣውላ በባዶ እጅ አትገልብጡ። በረጅም እንጨት፣ የሚከፈተው ወገን ከእናንተ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጋችሁ አንሡ። ጠዋት ጫማችሁን ሳታራግፉ አታጥልቁ። ጊንጥ የነደፈው ልጅ ካለ ቁስሉን አትብጡ፣ አትምጠጡ፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለተማሪዎች አንድ ሙከራ እነሆ። ከትልቅ ሰው ጋር ሆናችሁ 10 ያህሏን በቅጠል እየዛቃችሁ ሰብስቡ። በሰፊ ቆርቆሮ ውስጥ በአንዱ ወገን እርጥብ ጨርቅ፣ በሌላው ደረቅ ጨርቅ አንጥፉ፤ መካከል ላይ አስቀምጧቸውና ክደኑ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክፈቱና በየወገኑ ስንት እንዳሉ በደብተራችሁ ጻፉ። ሦስት ጊዜ ደጋግሙት። ሲያበቃ ከነበሩበት እርጥብ ቦታ መልሷቸው፤ ደብተሩን ሰኞ ይዛችሁልኝ ኑ።