ቡና ያጠበ ውሃ ስንት ጊዜ ይዞራል?

በጥቅምትና በኅዳር በአጋሮና በጌራ ያሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች እንቅልፍ የላቸውም። ገበሬው ቀን ሲለቅም የዋለውን ቀይ እሸት አመሻሽ ላይ አምጥቶ ያስመዝናል፤ እሸት ሳይፈለፈል ካደረ ይበላሻልና ማሽኑ በዚያው ሌሊት ይነሳል። ለዚህ ሥራ ከሁሉ በፊት ውሃ ያስፈልጋል። ጣቢያዎቹ ወንዝ ዳር የሚተከሉትም ለዚሁ ነው።

በነባሩ አሠራር እሸቱን ወደ መፈልፈያው የሚገፋው ውሃ ነው፤ ገለፈቱን የሚጠርገውም ውሃ ነው። የተፈለፈለው ቡና በገንዳ ውስጥ ተብላልቶ ዝልግልግ ልባሱ ሲለቅ፣ በቦይ እየተገፋ የሚታጠበው እንደገና በውሃ ነው። ኮሎምቢያዊው የቡና ምርምር ማዕከል ሴኒካፌ በነባሩ አሠራር ለአንድ ኪሎ ከነቅሽሩ ለደረቀ ቡና እስከ 40 ሊትር ውሃ እንደሚፈስ ለክቷል። በዚያው አገር የተሠሩት ኢኮ ፐልፐር የሚባሉት ማሽኖች ልባሱን በፍትጊያ ስለሚያነሱ ፍጆታውን ወደ አንድ ሊትር ገደማ ያወርዱታል። በ2012 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ የወጣው የአጋሮው ዱሮሚና የኅብረት ሥራ ማኅበር ቡናውን የሚያዘጋጀው እንዲህ ባለው ማሽን ነው።

ማሽኑን መግዛት የማይችል ጣቢያም ውሃውን መልሶ መጠቀም ይችላል። ከመፈልፈያው የወጣው ውሃ በወንፊት ገለፈቱን ይጥላል፣ በማጥለያ ገንዳ ጥቂት ይረጋል፣ ከዚያ ፓምፕ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ሲጀመር የጠራው ውሃ ሲዞር ቀይ ሻይ ይመስላል፤ ቆይቶ ይወፍርና አረፋ ይይዛል። ውሃውን እንዲህ የሚያደርገው ከቡናው የሟሟው ስኳርና ልባስ ነው። ስለዚህ ዙሩ ከአንድ ፈረቃ አያልፍም። ውሃው ካደረ ይኮመጥጣል፣ ሽታውም ወደ ፍሬው ይገባል። የመጨረሻው እጥበት ደግሞ ሁልጊዜ በንጹሕ ውሃ መሆን አለበት፤ በዚህ ላይ መቆጠብ ቡናውን ማጥፋት ነው።

ተዘዋውሮ ያበቃው ውሃ መጠኑ ቢያንስም ከበፊቱ የከበደ ነው። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ረቂቅ ሕዋሳት ስኳሩን ሲበሉ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውና በድንጋይ ሥር የሚኖሩት ነፍሳት ይታፈናሉ። ይህ የሚሆነው ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ መጉደል ሲጀምር ነው። ከጣቢያው በታች ከብት የሚያጠጣው ገበሬ ከዚያው ወንዝ ይቀዳል፤ ብዙ ጊዜ እሸቱን ለጣቢያው ያስረከበውም እሱ ራሱ ነው። ይህን እያወቁ ቦዩን ወደ ወንዝ መልቀቅ በጎረቤት ላይ መፍረድ ነው።

በዚህ መካከል አንድ ሣር ሥራ አገኘ። ቬቲቨር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወደ ጅማው መልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የመጣው በቡና ማሳ አፈር እንዳይሸረሸር ነበር። ሥሩ እስከ ሦስት ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። ዛሬ በአንዳንድ ጣቢያዎች ፍሳሹ ከሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶች በታች በረድፍ ተተክሎ፣ የረጋው ውሃ በሥሩ መካከል ቀስ እያለ እንዲሰርግ ያደርጋል። ሣሩ ግን ሁሉን አይችልም። ገለፈት ሳይለይ፣ ውሃው ሳይረጋ ከተለቀቀበት መሬቱ ይደፈናል፤ ውሃውም በላይ ተንሸራቶ ወንዝ ይገባል። ወንፊቱን በየፈረቃው የሚጠርግ፣ ማጥለያ ገንዳውን በየጊዜው የሚያጸዳ ሰው ያስፈልጋል፤ ጣቢያው ደመወዝ ሲበጅት የዚያን ሰው ቀን ሥራ ከመዛኙ ጋር አብሮ ሊቆጥር ይገባል።