ሰው ከንክሻ በኋላ፣ ውሻ ከንክሻ በፊት

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለሰውም ለውሻም በመሠረቱ አንድ ነው፤ ለሁለቱም የሚሰጠው የሞተ ቫይረስ ነው። የሚለያዩት በጊዜው ነው። ውሻ ሳይነከስ ይከተባል፤ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚከተበው ከተነከሰ በኋላ ነው።

ለበሽታው ከተጋለጡ በኋላ መከተብ እንዴት ይጠቅማል? ቫይረሱ መንገድ ላይ ስለሚቆይ ነው። ከለሃጭ ወደ ቁስል የገባው ቫይረስ ነርቭ ይዞ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል። ጉዞው ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ በሳምንት የሚያልቅበትም አለ። ፊቱን የተነከሰ ሕፃን ጊዜው አጭር ነው። ሉዊ ፓስተር በ1885 (እ.ኤ.አ.) የ9 ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን የከተበው ቫይረሱ አንጎል ሳይደርስ ለመቅደም ነበር። ሕመሙ አንዴ ከጀመረ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የተነከሰ ሰው ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ። ሳሙና የቫይረሱን የስብ ልባስ ያፈርሳል። ከዚያ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን ይጀምር፤ ቁስሉ ጠገገ ብሎም አያቋርጥ። ሰውነት የራሱን ፀረ-አካል እስኪያመርት ቀናት ስለሚወስድበት፣ ንክሻው ከባድ ሲሆን የተዘጋጀ ፀረ-አካል ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው ይወጋል። ይህ መድኃኒት ውድ ነው፤ እንደልብም አይገኝም። አገራችን ለረጅም ዘመን ከበግ አንጎል የተሠራ፣ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ክትባት ትሰጥ ነበር። ያን እየፈራ የሚቀር ካለ፣ የዛሬው ክንድ ላይ የሚሰጥ ጥቂት መርፌ መሆኑን ይወቅ።

ያልተከተበ ውሻ በታመመ ውሻ ሲነከስ ግን ይህ ዕድል ብዙ ጊዜ የለውም፤ ይገደላል ወይም ለወራት ተለይቶ ይቆያል። አስቀድሞ የተከተበው ቶሎ ማጠናከሪያ ይሰጠውና ይጠበቃል። ውሻ በሦስት ወሩ ተከትቦ በዓመቱ ይደገምለታል፤ ከዚያ መከላከያው እንደ ክትባቱ ዓይነት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል።

በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ አስተላላፊው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ሲከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ ይቆማል። ሜክሲኮ ውሾቿን ለዓመታት በዘመቻ በነጻ ከትባ፣ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ በማስወገድ የዓለም ጤና ድርጅትን ዕውቅና ያገኘች የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች። በየሰፈራችን ከሚዞሩት ውሾች ብዙዎቹ ባለቤት አላቸው፤ ለመርፌው ይዞ የሚያቀርባቸው ሰው አለ ማለት ነው።